ከሱብሂ በኋላ የሚመጡ ሰዎች

ታኅሣሥ 12 ቀን 2017

ለእህቴ ለሁስና፣

አሰላሙ ዐለይኪ። ስለ ዝምታዬ መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅሽ፤ ከዚያ በኋላ ቁጣሽን መቀጠል ትችያለሽ። ስልኮቻችንን ሰብስበው ወስደውብናል። ለምን እንደሆነ አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ከእንግዲህ ያለኝ መንገድ ስንቅ የሚያመላልሰው ሹፌር ብቻ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ግን ለመምጣቱም ለመቅረቱም ቀን የለውም። ስለዚህ ደብዳቤ ሲዘገይ መንገዱ ነው በይ እንጂ ሌላ ነገር አታስቢ።

የት እንዳለን አይጻፍም። ቆላ ነው፣ ወደ ምዕራብ ነው፣ አፈሩ ቀይ ነው፤ ልብሳችን ቢታጠብም ቅላቱን አይለቅም። ስለ ምግብ ላልሽኝ፣ ኮቾሮ የሚባለውን የወታደር ደረቅ ዳቦ ሻይ ውስጥ እየነከርን እንበላለን። የሰፈርንበት መንደር ሰው የለበትም። ጓሮው ሁሉ ፓፓያ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ባለቤቱ ሳይፈቅድ እንዴት ይበላል ብለን ሳንነካው ቆየን፤ አሁን እንበላለን።

ማሳው ላይ ያልታጨደ በቆሎ ቆሞ ደርቋል። ነፋስ ሲነሳ ሰው የሚራመድ ይመስላል፤ ሁላችንም ጠመንጃ እናነሳለን፤ በቆሎው መሆኑን ስናውቅ እንስቃለን። ሳቁ ግን ቶሎ ያልቃል። ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ደግሞ ትልቅ ዋርካ አለ፤ የመኪና ቸርኬ እንደ ደወል ሰቅለውበታል። ታጁ አንድ ቀን በድንጋይ ቢመታው መቶ አለቃችን ሊበላው ደረሰ። ለእማ ደህና ነኝ በያት፤ ደህና ነኝ።

ወንድምሽ ሰላሀዲን

ሁስና፣ ወንድምሽ የሚጽፈው ሁሉ እውነት አይምሰልሽ፤ ኮቾሮውን ሻይ ውስጥ የሚነክረው እሱ ነው፤ እኔ እንደ ሰው ነው የምበላው። ደወሉን የመታሁት ድምፁ አሊዩ አምባ ይደርስ እንደሆነ ብዬ ነው። ኒካሃችንን ያሰሩልን ሼህ ዓብዱራህማን እንዴት ናቸው? በዱዓቸው እንዳይረሱን። ታጁ


ደብረ ብርሃን፣ ጥር 3 ቀን 2017

ወንድሜ ሰላሀዲን፣

ወዐለይከ ሰላም። አትቀየመኝ፤ ደብዳቤህ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ያነበብኩት ከታች ያለውን ነው። ኒካህ ታስሮላት ሰርጓ ያልደረሰ ሴት ባሏን የምታገኘው በወንድሟ ደብዳቤ ጫፍ ላይ ሆኗል፤ ምን ታደርግ። ሼሁ ደህና ናቸው በለው፤ ዱዓቸውንም አላቋረጡም።

እማ ደህና ናት። ወደ እሷ የሚወርደው መንገድ መዘጋቱን ሳትሰማ አትቀርም። ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ መኪና የሚወርድበት ቀንም አለ፣ የማይወርድበትም አለ። በርበሬው ግን በአህያ ይወጣልኛል፤ ወሬም ከበርበሬው ጋር ይወጣል። ተኩስ ትሰሚያለሽ ወይ ካልከኝ፣ እሰማለሁ፤ ሩቅ ነው ብዬ ልለፈው። እዚህ ውርጩ ከፍቷል፤ ጠዋት የጀሪካን ውሃ በረዶ ሠርቶ አገኘዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ሰዎች ሱቄ መጡ። በርበሬውን እያገላበጡ ወንድምሽ የት ነው የሚሠራው አሉኝ። መተማ ሰሊጥ እርሻ ላይ አልኳቸው። ሳይገዙ ሄዱ። የየትኛው ወገን እንደሆኑ አላወቅኩም። እባክህ ፖስታው ላይ ማዕረግህን አትጻፍ።

አሁን የምለምንህ ነገር አለ። በርበሬ የምትቀነጥስልኝ ነጅዋ የምትባል ሴት አለች። ከወለጋ ተፈናቅላ የመጣች ናት፤ ከልጆቿ ጋር በከተማው ዳር ባለው መጠለያ ሸራ ቤት ውስጥ ትኖራለች። ደብዳቤህን ጮክ ብዬ ሳነብ የቸርኬው ደወል ላይ ስደርስ እጇ በርበሬው ውስጥ ቀረ። እስቲ ድገሚው አለችኝ። ደገምኩላት። የልጆቼ ትምህርት ቤት ነው አለች።

የሸሹ ዕለት ባሏ ይመር ከብቶቹን ልፍታ ብሎ ተመለሰ፤ በዚያው ቀረ። ሲሞት ያየ የለም፤ በሕይወት ያየም የለም። መርዶ ስላልመጣላት ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ሳታጌጥ የምትቀመጠውን ዒዳ አልተቀመጠችም። ባል አለኝ ማለትም፣ የለኝም ማለትም አቅቷታል። ቤቷ ከመስጂዱ ጀርባ ነው፤ በሩ ሰማያዊ ነው። ከመንገዳችሁ የማያስወጣችሁ ከሆነ ብቻ አንድ ጊዜ እዩላት።

ሁስና


ጥር 24 ቀን 2017

ለእህቴ ለሁስና፣

አሰላሙ ዐለይኪ። እማ የላከችልኝ ቆሎ ደርሷል፤ አላህ እድሜዋን ያርዝምልን። ለምን አነሰ እንዳትይኝ፤ ለሁሉም ሰው ተካፍሏል። ከመዘዞ የመጣ ወገኔ የሚባል ጓደኛችን ግማሹን ጨርሶታል። ይህ ልጅ ማታ ማታ ስለ በጎቹ ያወራናል፤ ሲጨነቅ ነው የሚያወራው፤ ሰሞኑን ብዙ እያወራ ነው።

በሬዲዮ ሰምተሽ ከሆነ፣ እኛ ያለንበት አይደለም። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ጫማችንን ሳናወልቅ ነው የምንተኛው። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።

የነጅዋን ቤት ያየው ታጁ ነው። ሁስና ናት የጠየቀችው ብሎ እኔን አላስቀደመኝም። በሩ የለም፤ ሰው ነቅሎ ወስዶታል። ጣሪያውም የለም። ግድግዳው ግን ቆሟል። አዲስ መቃብር ይኖር እንደሆነ ብለን ጓሮውንም የመስጂዱንም ዙሪያ አይተናል፤ አላገኘንም። ይህን ስትነግሪያት ብዙ ተስፋ እንዳትሰጫት፤ ተስፋም አትንሻት። እንዴት እንደምትነግሪያት አላውቅም፤ ለአንቺ ትቼዋለሁ።

ሰላሀዲን

ሁስና፣ ግድግዳው ላይ በከሰል የተሳለች ላም አለች። ቀንዷ ከሰውነቷ ይበልጣል። ለነጅዋ ልጆች ላማችሁ ቆማለች በያቸው። የቀረ ነገር ካለ ጻፊልን፤ ውሃ ከመቅዳት በቀር ሥራ የለንም። ሰርጉን ከክረምት በፊት አድርጉት፤ የአሊዩ አምባን መንገድ በጭቃ አልወርድም። ታጁ


ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 6 ቀን 2017

ወንድሜ ሰላሀዲን፣

ወዐለይከ ሰላም። ነጅዋ ላሟን ስነግራት ሳቀች፤ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። የሳለቻት ትልቋ ልጇ ሰሊሃ ናት። ሰሊሃ ግን አልሳቀችም። ቀንዷን ማሳጠር ነበረብኝ ብላ ወጣች።

በኋላ በላክሃት ቁራጭ ወረቀት ለምን እንቅልፍ እንዳጣሁ ጠይቀኸኛል። እማ ናት የነገረችህ? ባለፈው ማክሰኞ ገና በንጋት ሱብሂ እንደተሰገደ ብዙ ሰዎች ወደ ግቢያችን ገቡ። በዚያ ሰዓት ሰው ተሰብስቦ ሲመጣ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። የጫማቸውን ድምፅ እየሰማሁ ከአልጋዬ ላይ መነሳት አቃተኝ። በሬን አልፈው የጎረቤቴን የእየሩሳሌምን በር አንኳኩ። ሟቹ ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ በሬን ሲያልፉ አልሐምዱሊላህ ብያለሁ። ጩኸቷን እየሰማሁ ነው ያልኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ፀሐይ ወጥታ ማንም ሳያንኳኳ ሲቀር ነው ቀኔ የሚጀምረው።

ታጁ የቀረ ነገር ካለ ጻፊልን ስላለ አንድ ነገር ልጨምር። ነጅዋ ሰሞኑን ያስታወሰችው አለ። ወፍጮ ቤት አላችሁ፤ ከምንጩ ማዶ። ባለወፍጮው የይመር ወዳጅ ነበር፤ ናፍጣ የሚያስቀምጥበት ከወለሉ በታች የተቆፈረ ጉድጓድ አለው። ክፉ ቀን ቢመጣ እዚያ እንገባለን ይባባሉ ነበር አለችኝ። ይመር ገብቶ ከሆነ አንድ ምልክት አይጠፋም ትላለች። ለመስማት እንደምትፈራ አያለሁ፤ ግን አለመስማቱ ከዚያ ብሶባታል። ለውሃ ስትወርዱ ዐይናችሁን ብቻ ጣሉበት።

ሁስና


ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 11 ቀን 2017

ሰላሀዲን፣

ያልኩህን ተወው። ወደ ወፍጮ ቤቱ አትሂዱ። ከመጠለያው አንድ ሽማግሌ ዛሬ በርበሬ ሊገዙ መጥተው ወፍጮ ቤቱን ሳነሳላቸው፣ ከምንጩ ማዶ ፈንጂ ተቀብሯል ሲባል ሰምቻለሁ አሉኝ። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። በርበሬውን ሳልመዝንላቸው ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ፤ የፊተኛው ደብዳቤ ያለበት መኪና ወጥቷል። ይህን በሌላ ሰው እጅ እየላኩ ነው። ለታጁ ንገረው። ምንም እንዳይቀልድ፤ አትሂድ ብላሃለች በለው።

ነጅዋም አይሂዱ ብላለች።

ሁስና


መጋቢት 2 ቀን 2017

ለእህቴ ለሁስና፣

አሰላሙ ዐለይኪ። ረመዳን ከሪም። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። እንዳልሽው ነው፤ ወደ ወፍጮ ቤቱ አልሄድንም። ልብሽን አሳርፊ።

ጾሙ እንዴት ነው ካልሽኝ ደህና ነው። በውሃና በኮቾሮ እናፈጥራለን። ጽሑፌ ከተበላሸብሽ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለምጽፍ ነው።

ታጁ ጥበቃ ላይ ስለሆነ ዛሬ አልጻፈም። ሰላም በልልኝ ብሏል።

ሼህ ዓብዱራህማን የሚሰግዱት አሁንም እዚያው እናንተ ሰፈር መስጂድ ነው? ቤትሽ ውስጥስ ብቻሽን ነው የምታድሪው? ነጅዋን አንዳንድ ጊዜ አሳድሪያት፤ ለእሷም ጥሩ ነው። እማን ስታገኚያት ስለ እኔ ብዙ አታውሪያት።

ወንድምሽ ሰላሀዲን


ደብረ ብርሃን፣ መጋቢት 24 ቀን 2017

ወንድሜ ሰላሀዲን፣

ዒድ ሙባረክ። ዒዱን ጠይቀኸኝ ነበር፤ ጥሩ ነበር። ቀሚስ አሰፋሁ፣ ነጅዋ እጄን ሂና ቀባችኝ። ለሙሽራ የሚቀባውን ዓይነት ነው ብላ እስከ ክንዴ አደረሰችው። ሰፈሩ ሁሉ ሲያየኝ ሳቀ። ለታጁ ይህን ንገረው።

ንገረው የምለው ልነግረው ስለምፈልግ ብቻ አይደለም። ሰላሀዲን፣ ለምንድነው የማይጽፈው? በአንደኛው ደብዳቤ ጥበቃ ላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በመጡት ሁለት ወረቀቶች ደግሞ ስሙን እንኳ አላነሳህም። ሹፌሩን ታጁን አይተኸዋል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ጎማውን ማየት ጀመረ። ጎማው ምንም አልሆነም ነበር።

ለአባቱ በበርበሬ ነጋዴዎቹ በኩል የዒድ ሰላምታ ላክኩላቸው። በየዓመቱ ማር ይልኩልኝ ነበር። ዘንድሮ ሰላም በሏት ብቻ ነው ያሉት። ማሩ አይደለም የከፋኝ። ነጋዴው መልእክቱን ሲነግረኝ ኮፍያውን አውልቆ ነው የነገረኝ።

እፈራለሁ። እንዲህ ብዬ ጽፌልህ አላውቅም፤ አሁን ግን እፈራለሁ። ሥራ ይዤ እጄ ይቆማል፤ ሰው ሲጠራኝ አልሰማም። ረጅም ደብዳቤ አልለምንም። አንድ መስመር በእጁ ይጻፍልኝ። ካልቻለ ስሙን ብቻ ይጻፍ።

ሁስና


ሚያዝያ 10 ቀን 2017

ለእህቴ ለሁስና፣

አሰላሙ ዐለይኪ። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ ወገኔ ነው። እጁ ተጎድቶ አልድን ስላለው ወደ መዘዞ ሄዶ እንዲያገግም ተፈቅዶለታል። መንገዱ በደብረ ብርሃን ስለሆነ አደራ ብዬዋለሁ።

ስለ ታጁ ለጠየቅሽኝ በሚቀጥለው ደብዳቤ እመልስልሻለሁ። አሁን የነጅዋ ጉዳይ ይቅደም። ከወዲያ በኩል የመጡ ሰዎች ነግረውናል፤ ይመር ሞቷል። አላህ ይርሐመው። እንዴትና የት የሚለውን ወገኔም አያውቅም፤ አትጠይቂው።

ይህን እንደዋዛ ገበያ ላይ እንዳትነግሪያት። ሸራ ቤት ውስጥ ከልጆቿ ጋር ተፋፍጋም አትስማ። ሼህ ዓብዱራህማንን አማክሪ። ጎረቤት ሴቶችን፣ በዕድሜ የገፉትን፣ አንቺን የሚወዱሽን ሁሉ ጥሪ። ከሱብሂ በኋላ ወደ አንቺ ቤት ትምጣና እዚያ ትስማ። እማ መውጣት ከቻለች ከአሊዩ አምባ አስመጫት፤ እናት ያለችበት ለቅሶ ይሻላል። ማንም ሰው ይህን ብቻውን መስማት የለበትም። እኔ ልኖር ይገባኝ ነበር፤ አልቻልኩም። ይቅር በይኝ።

ሰላሀዲን


ደብረ ብርሃን፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2017

ሰላሀዲን፣

ሰላምታው ይቆየን።

ወገኔ ደብዳቤህን በር ላይ ቆሞ ሰጠኝ። ግባ ብለው አልገባም፣ ሻይ ጠጣ ብለው አልጠጣም። የታሰረውን እጁን አቅፎ መሬት መሬት ሲያይ ቆየና ሄደ። አፋር ልጅ ነው አልኩ። ከእኔ ወጥቶ ሼህ ዓብዱራህማን ቤት መግባቱን በምን ልወቅ።

አንብቤ ለነጅዋ አለቀስኩላት። ከዚያ ሥራዬን ጀመርኩ። ምንጣፍ ተዋስኩ፣ ጀሪካኖቹን ሞላሁ፣ ሴቶቹን አንድ በአንድ እየጠራሁ ነጅዋ እንዳትሰማ አልኳቸው። እሺ አሉኝ። እየሩሳሌም አቅፋኝ ሳትለቀኝ ቆየች፤ የራሷ ሐዘን ተቀስቅሶባት ነው ብዬ አባበልኳት። ሼሁ አላህ ሰብሩን፣ ጽናቱን ይስጥሽ ልጄ ሲሉኝ አሚን አልኩ። እማ በበቅሎ ወጥታ፣ ጉልበቷ እያመማት፣ ለማታውቃት ሴት ይህን ያህል መምጣቷ ገርሞኝ ጉንጯን ሳምኳት።

ከሱብሂ በኋላ መጡ። ነጅዋ ከሰሊሃ ጋር ቀድማ መጥታ ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ እጇን ያዝኩ። በሌላ እጇ ሻሿን ወደ ዐይኗ ሳበች፤ ገብቷታል አልኩ በልቤ። ሼሁ ቁርኣን አንብበው ስለ ቀደር፣ ስለ አላህ ውሳኔ ተናገሩ። ከዚያ ሁስና ልጄ አሉ። የተሳሳቱ መስሎኝ ነጅዋ ብዬ አረምኳቸው። ማንም ቀና አላለም። ነጅዋ እጄን አጥብቃ ያዘች። ያኔ ነው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ መቀመጡን ያየሁት።

ሰዎቹን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ፤ ምንጣፉን ያነጠፍኩት፣ ውሃውን የሞላሁት እኔ ነኝ። ለገዛ መርዶዬ ሽር ጉድ ስል ሰፈሩ ሁሉ እያወቀ አየኝ።

ነጅዋ ከዋዜማው ታውቅ ነበር። ሼሁ ለምነዋት ነው። ባልሽ ሞተ እንደተባልሽ ሆነሽ ቁጭ በይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስበኸዋል? ምልኪው ለይመር እንዳይተርፍ ፈርቼ ነበር አለችኝ፤ ግን አንቺ እኔን ሳትይዢ እንዳትሰሚው ብዬ መጣሁ አለች። በእሷ አልተቀየምኩም። በርበሬውን አሁን እሷ ናት የምትሸጥልኝ፤ እኔ ዒዳ ላይ ነኝ፣ አልወጣም።

ስለ ዒዳው ልንገርህ። ሼሁ የሚቆጠረው ከሞተበት ዕለት ነው እንጂ ከተሰማበት አይደለም አሉኝ። መቼ ነው የሞተው አልኳቸው። ከረመዳን በፊት አሉኝ። ሰላሀዲን፣ ከረመዳን በፊት። ግማሽ ያህሉ አልፏል። ሚስት ለባሏ የምትቀመጠውን ግማሹን እኔ ሂና ተቀብቼ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሼ፣ ገበያ ተቀምጬ ስስቅ ነው ያሳለፍኩት። ጥፍሬ አሁንም ቀይ ነው፤ በቢላ ብፍቀው አልለቅ አለኝ። መርዶ በወረቀት አይላክም ትለኛለህ፤ አውቃለሁ፤ ያደግኩበት ነው። ብቻዬን እንዳልሰማ ብለህ ነው፤ እሱንም አውቃለሁ። ግን ለታጁ ከሚገባው ሐዘን ላይ ቆርሰህብኛል። ለአባቱ ሲነገር፣ ለእናታችን ሲነገር፣ ለሹፌር ሲነገር እኔ በሙሽራ እጅ በርበሬ እመዝን ነበር።

አሁን ሁለት ነገር እጠይቅሃለሁ። ወፍጮ ቤቱ ነው ወይ? በእኔ ደብዳቤ ሄዶ ነው ወይ? አዎ ከሆነ አዎ በል። ሁለተኛው ስለ አንተ ነው። ከሞተ በኋላ ታጁ ሰላም ብሎሻል ብለህ ጽፈህልኛል። ከእንግዲህ ደህና ነኝ ስትለኝ ምን ብዬ ልመን? ጠዋት ጠዋት አሁንም ጫማ አዳምጣለሁ። የማዳምጠው ለአንተ ነው። እውነቱን ጻፍልኝ፤ የሚያስፈራም ቢሆን።

ሁስና


ግንቦት 14 ቀን 2017

ሁስና፣

ነጅዋ አጠገብሽ ከሌለች አጥፈሽ አስቀምጪውና ስትመጣ አንብቢው።

አዎ። ወፍጮ ቤቱ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ እንደደረሰ ታጁ አንብቦ ኪሱ ከተተው። መቶ አለቃችን ማንም ከምንጩ እንዳያልፍ ብሎን ነበር። በማግስቱ ጠዋት ውሃ ለመቅዳት ተረኞቹ እሱና እኔ ነበርን። እኔ ሸሚዜን አውልቄ ማጠብ ጀመርኩ። አጥበህ ሳትጨርስ እመለሳለሁ አለኝ። ሸሚዙ አልቆሸሸም ነበር። ና አብረን እንሂድ እንዳይለኝ ፈርቼ ነው ያጠብኩት። ተው አላልኩትም፤ ተው ብለው ይሰማኝ ነበር። ፈንጂው ደጃፉ ላይ ነበር። ድምፁን ስሰማ እርጥብ ሸሚዝ ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ። ሮጦ የደረሰለት ወገኔ ነው፤ እጁም የተጎዳው ሲያወጣው ነው።

ደብዳቤው ያንቺ ነው፤ አልዋሽሽም። ግን አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ። አትሂዱ ያልሽበት ደብዳቤ ከቀበርነው በኋላ ደረሰ። ዋርካው ሥር ነው ያለው። ያለነው ሙስሊሞች ሰገድንበት፤ ወገኔ እጁን ታስሮ ከኋላችን ቆሞ ነበር። ያን ማታ ልጽፍልሽ ብዕር አንስቻለሁ። ስምሽን ጽፌ ቆምኩ። ብቻሽን ሱቅ ውስጥ ቆመሽ ስታነቢው ታየኝ። የሚነግርሽ ሰው እስካገኝ ብዬ ዛሬ ነገ ስል ዒዳሽን በላሁብሽ። እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም፤ ይህንን እንዴት አድርጌ እንደምክስሽም አላውቅም።

ለነጅዋ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ እንደምጠይቅ ንገሪያት። ጉድጓዱን ኋላ ላይ ፈትሸውታል፤ ባዶ ነው። ይመር ሞተ ያለን ሰው የለም። የፈጠርኩት እኔ ነኝ። በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም።

ስለ እኔ። ደህና አይደለሁም። ኮዳዬን ስሞላ ውሃው እጄ ላይ ይፈሳል፤ ጓደኞቼ እያዩ እንዳላዩ ይሆናሉ። ነገ ምንጩን አልፈን ወደ ማዶ እንድንወጣ ታዘናል። መንገዱ ተፈትሿል አሉን። ማን ነው የፈተሸው ብዬ ብጠይቅ ጥይትህን ቁጠር አሉኝ። ወዲያ ማዶ ምን እንዳለ አላውቅም። እንደ በፊቱ ቢሆን ሥራ የለንም፣ ፓፓያ እንበላለን ብዬ እጽፍልሽ ነበር።

ሹፌሩ ሞተር አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው። ለእሱ አንድ ነገር አደራ ብዬዋለሁ፤ ለሼሁም ለእማም ቀድሞ እንዳይነግር ለምኜዋለሁ። አንድ ነገር ከሆንኩ ደብረ ብርሃን የደረሰ ዕለት፣ ቀጥ ብሎ ወደ አንቺ መጥቶ፣ ብቻሽን ብትሆኚም፣ በር ላይም ቢሆን ይነግርሻል።

ሰላሀዲን